የእትዬ ደብሪቱ ቻት ጠባቂ

እትዬ ደብሪቱ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ ዓሣ እየበለቱ በቀጥታ ስርጭት ወግ ሲጀምሩ ግማሽ ሐዋሳ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ይስቃል። ሥራ ፈት ተሳዳቢም አይጠፋም። እትዬ ደግሞ ከማንም ጋር ተከራክረው ያሸንፋሉ እንጂ ስድብ ሆዳቸው አይችልም። ባለፈው ሳምንት ካሜራው ፊት አለቀሱ፤ «ቅዳሜ አንድ ሰው ከሰደበኝ ዘግቼው እቀመጣለሁ» ብለውም ማሉ።

መሐላው ያስጨነቀው ሙንተሃን ነው። ይህች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለእትዬ የሠራችው ቦት የሚባል ፕሮግራም፣ ሶኬት በተባለ ሁሌ ክፍት የኢንተርኔት መስመር ቻቱ ውስጥ እንደ ሰው ገብቶ «እከሌ ይታገድ» ብሎ እየጻፈ ተሳዳቢ ያስወጣ ነበር። የስርጭቱ መድረክ ባለቤቶች ግን ያንን መንገድ ዘጉት። አሁን ትእዛዝ የሚቀበሉት ዌብ ኤፒአይ በሚሉት የፕሮግራሞች መግቢያ በር ብቻ ነው፤ ያውም በስም ሳይሆን በተመልካቹ መለያ ቁጥር።

ሐሙስ ከሰዓት የቦቱን አዲስ ኮድ ጨርሳ እትዬ ጋ ከተፍ አለች። «ለሙከራ ማንን ልቅጣ?»

እትዬ ለሙከራም ቢሆን ሰው ሳይመከር አይቀጣም ባይ ናቸው። «ባሌን ምንያህልን አሥር ደቂቃ ዝም አሰኚልኝ፤ እሱን ሠላሳ ዓመት መክሬዋለሁ» አሉ።

ትእዛዙ ሠራ! ሙንተሃ በደስታ ልትጨፍር ምንም አልቀራት። አሥር ደቂቃ አለፈ፣ ሃያም አለፈ። ከዚያ ጋሽ ምንያህል ከታቦር ሰፈር በባጃጅ ከች አሉ።

«ምን አጠፋሁ? ስልኬ ለዘላለም ታግደሃል አለኝ እኮ!»

ሙንተሃ ኮዱን ብታየው የቅጣቱን ደቂቃ መሙላት ረስታለች፤ ቦታው ባዶ ከሆነ እገዳው ማብቂያ የለውም። በእፍረት መግቢያ ጠፋት። እትዬ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጋሽ ምንያህልም እገዳው እስኪነሣላቸው በተጠበሰ ዓሣ ተካሱ።

ቅዳሜ ሙንተሃ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ከካሜራው ጀርባ ተቀመጠች። ተሳዳቢዎቹ ተግተልትለው መጡ። ቦቱ እየለቀመ አስወጣቸው፤ ስድቡ ብቅ ከማለቱ ይጠፋል። እትዬ ምንም ሳያዩ ሲያወጉና ሲስቁ ዋሉ። ሙንተሃ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

ሲጨርሱ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «አየሽ ልጄ፣ ሳለቅስ አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ» አሉ። «ዛሬ አንድ እንኳ ክፉ ሰው አልመጣ! ያንቺም ቦት ሥራ ፈትቶ ዋለ።»

ስክሪኑ ላይ አርባ ሦስት የታገዱ ሰዎች ተደርድረዋል። ሙንተሃ ላፕቶፑን ቀስ ብላ ከደነችው።

«አዎ እትዬ» አለች፤ «ሥራ ፈትቶ ዋለ።»