የተለቀሰላት ምስክር

የሻረግ ምትኩን በመጥረቢያ ገድሏል ተብሎ በተከሰሰው በታናሽ ወንድሟ በውብአንተ ችሎት ላይ፣ የሻረግ ራሷ የመከላከያ ምስክር ሆና ቀረበች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን መጽሐፉ ላይ ጭና ማለች።

“ከሟች ጋር ዝምድና አለዎት?” አሉ ዳኛው።

“ሟች የተባልኩት እኔው ነኝ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።”

ዳኛው ጻፉ።

መቼም ሰው በቁሙ ሞተሃል ሲሉት ደሙ ይፈላል። የሻረግ ግን ለንዴት ጊዜ አልነበራትም። እናታቸው ስታርፍ ውብአንተ ገና ዳዴ ይል ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ዐቃቤ ሕጉ ሞት ይፈረድበት ብሎ ጠይቋል።

መርማሪው ሐኪም ዶክተር ሣህሉ ቀረቡ። የጣት አሻራዋ መታወቂያዋ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ ጭንቅላቷም ላይ ምንም ቁስል አለመኖሩን አስረዱ። “ሴትየዋ የሻረግ ናት። ትንሽ ደም ግፊት አለባት እንጂ ደህና ነች” አሉ።

ቀጥሎ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ባንቲደር ተነሱ። ሰፈሩም ግልብጥ ብሎ ከኋላቸው መጥቷል።

“ሲመታት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ገንዘን ቀብረናታል፤ ሦስት ቀን ድንኳን ተቀምጠናል።”

“ታዲያ ይቺ ማን ናት?”

“የሻረግ ናታ! ጎረቤቴ ይጠፋኛል እንዴ?” ወደ እሷ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “የሻረግዬ፣ እኛ እኮ አንድ ሰው ሳይቀር አልቅሰንልሻል።”

“እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ” አለች። ምን ትበል?

ዳኛው ሐኪሙም ምስክሮቹም እውነት ተናግረዋል ብለው መቃብሩ እንዲከፈት አዘዙ። ከሰዓት በኋላ ችሎቱ እንዳለ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሄደ። የእድሩ ጎረምሶች ቆፈሩ፤ መግነዙ ሲፈታ የሻረግ ውስጡ ተኝታ ነበር። ግንባሯ ተፈንክቷል። ዶክተር ሣህሉ ወርደው ጣቷን ቀለም ነክረው አሻራዋን አነሱ፤ ያው ነው። በዚህ መሃል ዓይኗን ገልጣ ብርሃኑ በዛብኝ አለች።

“ይቺም ደህና ነች” አሉ ዶክተሩ።

ዳኛው እዚያው ቆመው ፈረዱ። ሟች ከሌለ ግድያ የለም። የውብአንተ ካቴና ተፈታ፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

“እቴቴ!” አለ ውብአንተ።

ሁለቱም “ወዬ” አሉት።

ከጉድጓድ የወጣችው ብርድ አንቀጥቅጧት ስለነበር እሷን አቀፋት። የሻረግ ነጠላዋን አውልቃ ደረበችላት።

ከዚያ ወደየቤት መሄድ ነበር፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ ባንቲደር ጉድጓዱን እያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ክፍቱን ብንተወው ሰው ይጠራል።”

“ማንን?” አለች የሻረግ።

“የተቆፈረው በውብአንተ ጉዳይ ነው፤ የሚጠራውም እሱን ነው።”

ሰፈሩ በሙሉ በትህትና አያት። ወንድሟ መሬት መሬት ያይ ነበር። የሻረግ የቀሚሷን አቧራ አራገፈች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ጎረምሶቹ እንዲያወርዷት እጇን ሰጠቻቸው።

ያቺኛዋ ቀረብ ብላ ጫማውን ተጫማችው። ልክ ሆነላት።