ሬዲዮኗ ዝም ያለች ዕለት

ላቮንን አፏ የማያርፍ ሴት እያሉ ያሟት ነበር። ሐሜቱ እውነት ነው፣ አያርፍም ነበር። በተለይ ጀልባ ላይ ስትወጣ፣ አያድርስ ነው! «ዴል፣ ያንን ንስር አየኸው? ደረቁ ዛፍ ላይ፣ በግራ በኩል። እሰይ፣ ቀዩ ጎተራም ደረስን። ውይ፣ ገደሉ እንዴት አምሮበታል!» ባሏ ዴልበርት መሪውን እንደያዘ «ይቺ ሬዲዮ መዝጊያ የላትም እኮ» እያለ በአጠገቡ የሚያልፈውን ባለጀልባ ሁሉ ያስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች።

የሚስቁት ሰዎች ያላወቁት፣ ያ ሁሉ ወሬ ወሬ አለመሆኑን ነው። ዴልበርት ዕድሜውን ሙሉ የነዳበትን ወንዝ እየረሳው ነበር። መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋው፣ ቀጥሎ ምድጃ ማጥፋት፣ ከዚያ ወንዙ ራሱ። ሚሲሲፒ ደግሞ ላይ ላዩን ሲያዩት ገራም ነው እንጂ ሆዱ ውስጥ ድንጋይ አለ። ድሮ የመርከብ መሄጃውን ጥልቅ ለማድረግ ሲሉ ከዳር ወደ መሐል ድንጋይ ኮልኩለውበታል፤ እኛ የወንዝ ዳር ሰዎች «ክንፍ» እንለዋለን። ውሃው ሲሞላ ጀልባ ምንም ሳይሆን በላዩ ያልፋል። መስከረም ገብቶ ውሃው ሲጎድልና የገደሉ ዛፍ ሲቀላ ግን፣ ክንፉ ከውሃው ሥር አድፍጦ ይጠብቃል። ምልክቱ አንዲት ቀጭን የሞገድ መስመር ብቻ ናት።

እናም «ቀዩ ጎተራ ደረስን» ማለት ወደ መሐል ውጣ ማለት ነበር። «ንስሩን አየኸው?» ማለት ቀኝህን ያዝ ማለት ነበር። ላቮን ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለራሱ ለዴልበርትም ቢሆን ትንፍሽ አላለችም፣ ሰው በገዛ ጀልባው ላይ እንዴት ይዋረዳል ብላ።

ያን እሁድ ልጃቸው ትሩዲ ከሚኒያፖሊስ መጣች። የቀላውን ቅጠል ለማየት ነው አለች። ላቮን ግን የወለደቻትን ልጅ ታውቃታለች። ትሩዲ አባቷ በስልክ አንዱን ጥያቄ ሲመላልስባት ስለከረመ፣ ከተማ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ አግኝታለች፤ ለእሱ ብቻ የሚሆን፣ በሩ ከውስጥ የማይከፈት ክፍል። ቤቱ ይሸጣል፣ ጀልባው ይሸጣል።  ላቮንና ዴልበርት ከተጋቡ ወዲህ ተለያይተው ያደሩት እሷ ትሩዲን ለመውለድ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ብቻ ነው።

ምሳ ሳይበሉ ወጡ። ቋሊማና አይብ በዳቦ፣ ለዴልበርት አንድ ቢራ ይዘዋል። ትሩዲ የጀልባው አፍንጫ ላይ ወጥታ፣ እዚህ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው የመንሳፈፊያ ጃኬቷን አጥፋ ተቀመጠችበት።

«ልበሺው እንጂ አንቺ ልጅ!» አለች ላቮን።

«እማዬ፣ እስቲ ፀሐይ ልሙቅ። የሃምሳ ዓመት ሴት ነኝ እኮ።»

ሞተሩ ተነሳ። ላቮንም ወሬዋን ጀመረች። ስለ ዳክዬው፣ ውሃው ላይ ስለሚንሳፈፈው አረንጓዴ ምልክት፣ ስለ ሜፕሉ ዛፍ ቅላት። ትሩዲ ጥቂት አዳመጠችና ተነስታ መጥታ እናቷ አጠገብ ቁጢጥ አለች። በሞተሩ ድምፅ ተከልላ፣ ዝግ ብላ ተናገረች።

«አልሞኝልሽም፣ እማዬ። መሪውን የያዘው አባዬ ነው፣ የምትነጂው ግን አንቺ ነሽ።»

ላቮን ክው አለች። «ምን ነካሽ? ቅጠል ነው እኮ የማሳየው!»

«እሺ፣ እንዋዋል። ከዚህ እስከ ድልድዩ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ። ብቻውን ካደረሰን፣ የመጦሪያውን ነገር ዳግም አላነሳም። አላነሳም ካልኩ አላነሳም፣ ታውቂኛለሽ።»

«ካላደረሰንስ?»

ትሩዲ የእናቷን ጉንጭ በእጇ ዳሰሰች። «ያን ጊዜማ አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ። ፊትሽን በመስታወት አይተሽዋል? አልቀሻል እኮ።»

ክፋት አልነበረባትም፣ ፍቅር ነው ያናገራት። ወንዙንም አታውቀውም፤ ገና በኮረዳነቷ ከተማ ገብታ ቀርታለች። ቢበዛ አባዬ መንገድ ይስታል ነው ያለችው። ላቮን ያኔውኑ «ልጄ፣ እዚህ ወንዝ ላይ መንገድ መሳት ማለት ድንጋይ ነው» ብትላት ኖሮ! ግን ይህን ማለት እሱ አያውቀውም ብሎ ማመን ነው፤ ማመን ደግሞ ያ ክፍል ነው፣ ያ በር ነው። እናም አፏን ዘጋች።

ትሩዲ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ጃኬቷን አስተካክላ ተቀመጠችበት።

ደግሞ ዴልበርት ጎበዘ! አረንጓዴውን ምልክት በትክክለኛው ጎን አለፈ። እህል የጫነውን ትልቅ ጀልባ አይቶ ገና ከሩቁ ጠርዝ ያዘለት። ከአንዲት ደሴት በታች ያለችውን የመጀመሪያዋን ክንፍ በሰፊው ዞራት። ላቮን ልቧ ማመን ጀመረ። ክረምቱን በገዛ ምድጃቸው አጠገብ፣ እሱ እያንኮራፋ፣ እሷ ሹራብ እየሠራች ታያት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

«ሬዲዮኗ ምን ነካት?» አለ ዴልበርት እየሳቀ። «ባትሪ ጨረሰች እንዴ?»

ትሩዲ ከወዲያ ሆና ከት ብላ ሳቀች። ላቮን ከንፈሯን ገጥማ ፈገግ አለች።

ከጠመዝማዛው ወዲያ የድልድዩ ብረት ብቅ አለ። ቀዩ ጎተራም በግራ ታየ። ዴልበርት ጎተራውን አየው፣ ፊቱም በራ። መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ዳሩ ጠመዘዘ።

ላቮን ወዲያው ገባት። ወደ ሄርማን ቤት ነው የሚሄደው። ከጎተራው ሥር የተጠበሰ አምባዛ ይሸጥባት የነበረች ቤት ነበረች፤ ትሩዲ ገና ጥርሷ ሲነቃነቅ እሁድ እሁድ የሚበሉባት። ቤቲቱ በእሳት ከጠፋች ስንት ዘመኗ! አሁን ያለው ቁጥቋጦ ብቻ ነው። በእሱና በቁጥቋጦው መካከል ደግሞ ያቺ ቀጭን የሞገድ መስመር ከዳር እስከ መሐል ተዘርግታለች። ለልጁ አምባዛ ሊጋብዝ የቸኮለው አባት ነዳጁን ጨመረ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ጎተራ» ብትል ይበቃ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ መጥቶ ተቀምጧል። ድልድዩን አየችው፣ በጣም ቀርቧል። የልጇን ጀርባ አየችው፤ ትሩዲ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታለች። መስመሯን ያያታል፣ አለች በልቧ። አሁን ያያታል። ሁልጊዜ ያያት የለም?

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ነቅዟል እንጂ! ያ ዝምታ ነቅዟል!

«ዴል!» ብላ ስትጮህ ጀልባው ድንጋዩ ላይ ነበር።

ሞተሩ ከውሃው ወጥቶ በአየር ላይ አጓራ። ጀልባው ቆመ፣ ትሩዲ ግን አልቆመችም። ጃኬቷ ብቻውን ተንሳፍፎ ወደ ታች ሄደ።

ላቮን ዘላ ገባች። የምትሰጥም መስሏት ነበር፣ ውሃው ግን ጉልበቷ ላይ ቀረ። በዚያ ሰፊ ወንዝ ውስጥ ድንጋዩ ላይ ቆማ፣ የልጇን ራስ ከውሃው አውጥታ በእቅፏ ያዘች። ደሙ ባንድ ጎን እየወረደ ውሃው ይወስደዋል። ከዚያ ላቮን ማውራት ጀመረች። «ትሩዲ፣ ንስሩን አየሽው? ደረቁ ዛፍ ላይ። ጎተራውም ያውልሽ። ያ ገደል፣ እይው፣ ደም መስሏል፣ እይው እንጂ ልጄ…» አሳ አጥማጆች መጥተው ልጅቷን ከእጇ እስኪወስዱ ድረስ አላቆመችም። የወሰዱት ሬሳ ነበር።

ዴልበርት ግንባሩ ተሰንጥቆ፣ መሪውን እንደጨበጠ ተቀምጧል። «ምስኪን» አለ። «ልጅቷ የማን ናት?»

ቤቱ ተሸጠ። እሱም ትሩዲ የመረጠችለት ክፍል ገባ፤ በሩ ከውስጥ አይከፈትም። ላቮን ከፊት ለፊት ክፍል ተከራይታ ከሰዓት በኋላ ትሄዳለች፤ ማታ ማታ ይለያያሉ። መጀመሪያ ሰሞን «ትሩዲ የታለች?» ሲላት እውነቱን ነገረችው። ገና ዛሬ እንደሰማ ሰው ጮሆ አለቀሰ። በማግስቱ ረስቶ እንደገና ጠየቃት። ከዚያ ወዲህ መናገሩን ተወችው። ያ ልቅሶ ለእሷ ብቻ ቀረ።

አንድ ቀን በመስኮቱ ቅጠል ሲረግፍ እያየ ድንገት ዞረ። ዓይኑ ጥርት ብሏል።

«ላቮን፣ ትሩዲ ጀልባውን ብቻዋን እንዳትነዳ። ውሃው ጎድሏል። ቀዩ ጎተራ ፊት ለፊት ክንፍ አለ፣ እሷ አታውቀውም። ንገሪያት።»

«እሺ።»

«እሺ ብለሽ ዝም እንዳትይ! ንገሪያት!»

«እነግራታለሁ፣ ዴል» አለች ላቮን።