ሳጥን ያነበቡ ሽማግሎች

ሽማግሌ የሚቀመጠው ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ ካልሆነም ደጀ ሰላም። የዚያን ቅዳሜ ግን ደብረ ታቦር ላይ ሦስት ሽማግሎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ በሙላቴ ኢንተርኔት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ዓይናቸው አንድ ኮምፒውተር ላይ ተተክሏል። ከኋላቸው መምህር ዳኛቸው መቀመጥ አቅቶት ከበሩ እስከ ግድግዳው፣ ከግድግዳው እስከ በሩ ይመላለሳል።

«አረፍ በል እንጂ ልጄ» አሉት የሽማግሎቹ አፈ ጉባኤ መሪጌታ አስረስ። «ገና ምኑም ሳይነበብ ጥፋተኛ መሰልህ።»

ዳኛቸው በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራል። ነገር ካየ አያልፍም። መንገድ ተቆፍሮ ሲተው ይጽፋል፣ መድኃኒት ሲጠፋ ይጽፋል፤ ጋዜጦቹ ግን አንድም ቀን አላተሙለትም። ባለፈው ክረምት፣ እብናት ገበያ ላይ ጤፍ ተሰውሮ ሰው ባዶ ስልቻውን ይዞ ሲመለስ ባየ ጊዜ፣ አንድ ጽሑፍ ጻፈ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው በኮምፒውተር ጽፎ ለአንድ ድረ ገጽ ላከለት። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ፣ ድምፅ የለም። ዳኛቸውም ጽሑፉን ሳይታተሙ ከቀሩት ወንድሞቹ ጋር ቀበረው።

በጥቅምት ፀጋን አጨ። ፀጋ ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ ሳቋ ግን የማይቆጠብ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ዘውዱ ደብረ ታቦር ላይ ወፍጮ፣ እብናት ላይ የእህል መጋዘን አላቸው። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። ድረ ገጹ ሆዬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ተኝቶበት ከርሞ፣ ልክ ጾሙ ሲጋመስ ጽሑፉን አወጣው! አዲስ አበባ ያለ የአቶ ዘውዱ የወንድም ልጅ አየና ደወለ፦ «አጎቴ፣ አማችዎ በኢንተርኔት አዋርዶዎታል።»

አቶ ዘውዱ አልጮኹም። ሽማግሎቹን ጠርተው፣ «ልጄን ለሰዳቢዬ አልሰጥም፤ እጮኝነቱን አፍርሱልኝ» አሉ።

«የማንንም ስም አልጠራሁም» አለ ዳኛቸው።

መሪጌታ አስረስ ጺማቸውን ዳበሱ። «በሰሚ ሰሚ አንፈርድም። ጽሑፍ ከሆነ ይነበባል። የት ነው ያለው?»

«ኢንተርኔት ላይ።»

«እንሂዳ!»

ስም አለመጥራቱ እውነት ነው። ወፍጮውን ግን ጠርቶታል፤ መጋዘኑንም፣ ረቡዕና ዓርብ የማይጎድለውን ጾምም ጠርቶታል። ያን ሰምቶ አቶ ዘውዱን የማያውቅ ደብረ ታቦሬ ካለ ትናንት የመጣ ነው። ስለዚህ ዳኛቸው እየተመላለሰ ገጹ እንዳይከፈት ይጸልያል። እንዲከፈትም ይጸልያል። በሕይወቱ የወጣለት አንድ ጽሑፍ ይህ ብቻ ነው፤ እሱንም ገና በዓይኑ አላየውም።

ሙላቴ አድራሻውን ጻፈ። በስልኩ መስመር የሚመጣው ኢንተርኔት ሲያቃስት፣ ሲንተፋተፍ ቆየና ገጹ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወረደ። ፀጋ ከአባቷ ጎን ቆማ እጇን አጣምራለች። «አንቺም ነይና በጆሮሽ ስሚው» ተብላ ነው የመጣችው።

ገጹ ሞላ። ሳጥን። ከዳር እስከ ዳር፣ መስመር በመስመር፣ ባዶ ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥን።

መሪጌታ አንገታቸውን አሰገጉ። «ይህ የማን አገር ፊደል ነው?»

«ፊደል አይደለም የኔታ» አለ ሙላቴ። «ብራውዘሩ፣ ማለቴ ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም፣ አሮጌ ነው። የአማርኛውን ፊደል ሲያጣ በየፊደሉ ቦታ ሳጥን ያስቀምጣል።»

«ጽሑፉ ግን አለ?»

«አለ። አልታይ አለ እንጂ።»

«ተቆልፎበት ነዋ» አሉ አቶ ዘውዱ።

ሙላቴ አንድ ዝርዝር ጎትቶ አወረደና አንዱን ጠቅ አደረገ። ሳጥኖቹ ጠፍተው በምትካቸው ባርኔጣ የደፋ፣ ጭራ ያበቀለ የፈረንጅ ፊደል ገጹን ወረረው። መሪጌታ አማተቡ። ሙላቴ ደንግጦ መለሰው። ሳጥን።

«ፎንቱን ልጫነው» አለና መሳቢያውን በርብሮ ሲዲ አወጣ። ፊደሉን ጫነ። ሳጥን። «አጥፍቼ ላስነሣው፣ ያኔ ይይዛል።» አጠፋ፣ አስነሣ፣ የስልኩ መስመር እንደገና አቃሰተ፣ ገጹ እንደገና ተንቀራፈፈ። ሳጥን። ፊደሉን የጫነበትን ቦታ ቢፈትሽ ፊደሉ ራሱ የለም። እንደገና ጫነ፣ እንደገና አጠፋ፣ እንደገና አስነሣ። አሁንም የለም። በዚህ መሐል ዳኛቸው የወለሉን ሲሚንቶ ሊያልቅ እስኪደርስ በእርምጃው ፈጭቶታል።

ሙላቴ በድንገት ግንባሩን መታ። «ውይ! ቲቸር፣ ረስቼው! ለቫይረስ ብዬ ያስገባሁት ጠባቂ አለ እኮ። ማሽኑ በጠፋ ቁጥር የተጫነበትን ሁሉ ይረሳል። ሲነሣ እንደ ድሮው ነው።»

«እና አንተ ስታጠፋ፣ ስታስነሣ...»

«ስጭን እሱ ሲያራግፍ ነበር።»

ዳኛቸው ፈነዳ። «ለአርመኑ ቦታ አለው! ለግሪኩ አለው! ለዓለም ሁሉ ፊደል አለው፣ ለእኛ ሲሆን ሳጥን! ሰው የገዛ ፊደሉን ከባዕድ ዕቃ ይለምናል? ማነው ለዚህ የሚጠየቀው? ማነው?»

«ቀስ በል» አሉት መሪጌታ፤ «ዕቃው አይሰማህም። እኛ ግን እየሰማንህ ነው።»

ይህን ጊዜ አቶ ዘውዱ መሳቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ትከሻቸው ሳቀ፣ ቀጥሎ ሆዳቸው፣ በመጨረሻ ጥርሳቸው።

«ለዚህ ነው እንዴ እንቅልፍ ያጣሁት? አዋረደህ፣ ሰደበህ ሲሉኝ እኔ ደግሞ ምን መጣ ብዬ! ይኸው ባዶ ሳጥን። ሕፃን ልጅ በከሰል ቢሞነጭር ከዚህ ይሻላል።» ወደ ሽማግሎቹ ዞሩ። «ተውት በቃ። ይህን ማንም አያነበውም። ምንም አልጻፈም፣ ምንም አላልኩም። ልጁም ልጄ ነው።»

«እግዜር ይስጥልን!» አሉ መሪጌታና ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሎች ከዘራቸውን አንሥተው ሊነሡ ተመቻቹ።

ነገሩ አለቀ። አንድ ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ «አሜን» ይላል፣ ጉልበት ይስማል፣ ወጥቶ ይሄዳል። ዳኛቸው ግን አሜን አላለም። ጆሮው ውስጥ የቀረው «ምንም አልጻፈም» የሚለው ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል ያገሩ ሰው፤ እሱ ደግሞ ገና አልወለደም፣ ያለው የተናገረው ብቻ ነው።

«ተነሣ» አለው ሙላቴን።

«ቲቸር፣ አለቀ እኮ...»

«ተነሣ አልኩህ!»

ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ፊደሉን ጫነ። አላጠፋም፣ አላስነሣም፤ ብራውዘሩን ብቻ ዘግቶ ከፈተው። ሳጥን። ያላየውን ዝርዝር ሁሉ እየከፈተ፣ ያልገባውን ሁሉ እየዘጋ ሄደ። ፀጋ ከኋላው ጎንበስ ብላ «ዳኜ፣ ተወው» አለችው ቀስ ብላ። አልሰማትም። ከአንዱ መስኮት ውስጥ ሌላ መስኮት፣ ከዚያም ውስጥ ሌላ ተከፈተና የዓለም ፊደል ስም ተደርድሮ አገኘ፤ አረቡ፣ አርመኑ፣ ቤንጋሊው። ዝቅ ሲል «ኢትዮፒክ» ይላል። ከጎኑ ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው። ፊደሉ ማሽኑ ውስጥ ገብቶም ብራውዘሩን «በዚህ ጻፍ» ያለው ሰው አልነበረም። ዳኛቸው የፊደሉን ስም መርጦ ጠቅ አደረገ።

ሳጥኖቹ እንደ ጤዛ ረገፉ። ገጹ በአማርኛ ሞላ። ከላይ፣ በደማቁ፣ የእሱ ስም።

ዳኛቸው ፈገግ አለ። ወዲያው ምን እንዳደረገ ገባውና ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

አቶ ዘውዱ የተነሡበት ወንበር ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። «እንግዲህ ከተከፈተማ ይነበብ። እኔ መነጽሬን አልያዝኩም። ፀጋ፣ አንብቢው።»

ፀጋ ዳኛቸውን አላየችውም። ወንበሩን ለቆላት ተቀመጠች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«‹እብናት ላይ ድሃ ስልቻውን ይዞ ቆሞ ይውላል። ጤፍ ከገበያ ጠፍቷል...›»

ዳኛቸው ከኋላዋ ቆሞ በዓይኑ ይከተላታል። ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል፤ ገጹ ላይም ጥቁር በነጭ ተቀምጧል፦ «አንድ ነጋዴ አውቃለሁ። ደብረ ታቦር ላይ ወፍጮ፣ እብናት ላይ መጋዘን አለው። ረቡዕና ዓርብ አይስትም። ከንፈሩ ጾም ያውቃል፤ ጎተራው ግን ጾም አያውቅም።»

«‹... መንገዱም ክረምት ሲገባ ይቆረጣል›» አለች ፀጋ ድምፅዋ ሳይሰበር። «‹መንገድ ቢኖር እህሉ ከገበሬው በቀጥታ ይመጣ ነበር።›»

ዘለለችው! ከወፍጮው ዘልላ መንገዱ ላይ አረፈች። ዳኛቸው አፉን ከፈተ። ከጻፈው ሁሉ እሱ የሚወደው ያን ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ሦስት ጊዜ ሰርዞ፣ ሦስት ጊዜ ጽፎ ያገኘው ነው። ፀጋ ቀጠለች፤ «ቁልፉን ኪሱ ከትቶ የድሃን ረሃብ በቀጠሮ የሚጠብቅ» የሚለውንም ዘለለች። ሲወርድ የነበረው እሳት በእጇ አመድ ሆነ። የቀረው የመንገድ ሥራ አቤቱታ ነው፤ ያን ማንም የቀበሌ ጸሐፊ ይጽፈዋል።

መሪጌታ አስረስ ደቃቅ የብራና ጽሑፍ ሲያነቡ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ከፀጋ ድምፅ ቀድሞ ገጹን ጨርሷል። ዞር ብለው ዳኛቸውን አዩት።

«‹ቸር ይግጠመን›» አለችና ፀጋ ጨረሰች። ያ ደግሞ ገጹ ላይ የለም።

አቶ ዘውዱ ወደ ዳኛቸው ተመለከቱ። «የጻፍኸው ይህንን ነው?»

ዳኛቸው ወደ ገጹ አየ። አንድ ቃል ቢተነፍስ ፀጋ ትሄዳለች። «ነው» አለ። በሕይወቱ እንዲህ አጭር ነገር ተናግሮ አያውቅም።

ተመረቀ። ጉልበት ተሳመ። ሽማግሎቹ አንድ በአንድ ወጡ፣ አቶ ዘውዱም ተከተሉ። ፀጋ በበሩ ስታልፍ ቆም አለች።

«እየዘለልኩ ሳነብ አሁን ይናገራል ብዬ ስፈራ ነበር» አለችው በሹክሹክታ። «ዝም ስትል ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ያጨኝ ሰውዬ የት ሄደ ብዬ።»

ወጣች። ዳኛቸው ወደ ኮምፒውተሩ አየ። ወደ በሩ አየ። ከዚያ እየሮጠ ወጣ።

አቶ ዘውዱ ባጃጅ አስቁመው አንድ እግራቸውን አስገብተዋል። ሽማግሎቹም ገና አልራቁም።

«ጋሼ ዘውዱ! ያልተነበበ አለ።»

ፀጋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ምን አልተነበበም?»

«ጎተራው ጾም አያውቅም የሚል አለ። ስለ እርስዎ ነው የጻፍኩት። ስም አልጠራሁም ማለቴ ብልጠት ነው። እርስዎን ነው።»

አቶ ዘውዱ እግራቸውን ከባጃጁ አወጡ። እጃቸው ወደ ኮታቸው ደረት ኪስ ሄደ፤ መነጽራቸውን መዝዘው ዓይናቸው ላይ ሰኩና ዳኛቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ልጄ እንዳታፍር ብዬ መነጽሬን ደበቅሁ እንጂ፣ የወንድሜ ልጅ በስልክ ቃል በቃል አንብቦልኛል። ሽማግሌ ጨርሶልህ፣ ልጄ ዋሽታልህ፣ እኔ ውጬልህ፣ አሁን ምን ፈልገህ ነው?»

ዳኛቸው የፈለገውን አላወቀም።

«ስማኝ» አሉ አቶ ዘውዱ ጣታቸውን ቀስረው። «ሠርጉ በቤቴ ነው። እንጀራው ጾም ከማያውቀው ጎተራ በወጣ ጤፍ ይጋገራል። ፊትህ ተቀምጬ ስትጎርስ አይሃለሁ። ስትውጥም አይሃለሁ። ያን ጊዜ ደግሞ ጻፍ!»

«አልበላም።»

«ምን?»

«ከገሳይ ከአባቴ ቤት ይዤ እመጣለሁ። ለእኔም ለሚዜዎቼም።»

«ስንቅ? ለሠርግ ስንቅ ቋጥሮ የሚመጣ ሙሽራ?» አቶ ዘውዱ ወደ ሽማግሎቹ ጮኹ። «ይህንን ሰማችሁልኝ? ደግሞስ ገሳይ ጤፍ የት አለና? ደጋ አይደለም እንዴ? ገብስ ነው የሚበቅለው!»

«ገብስ ይሁና!»

መሪጌታ አስረስ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። አቶ ዘውዱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ? ከዚህ ጋር ነው የምትኖሪው?»

ፀጋ ዳኛቸውን አየችው። ጸጉሩ ቆሟል፣ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቷል፣ እግሩ አሁንም አላርፍ ብሏል።

«ለሁለት ሰው የሚበቃ አምጣ» አለችው።

አቶ ዘውዱ ባጃጁ ውስጥ ገቡና መጋረጃውን በኃይል ሳቡት። «ሂድ!» አሉ ሾፌሩን፤ ከዚያ ትንሽ እንደሄዱ አስቆሙትና አንገታቸውን አወጡ። «ፀጋ! አትመጪም? ዳግማይ ትንሣኤ ነገ አይደለም፤ እስከዚያ ከእኔ ጎተራ ትበያለሽ!»

ፀጋ እየሳቀች ሮጠች። ዳኛቸው መንገዱ መሐል ቀረ። ከኢንተርኔት ቤቱ ደጃፍ ሙላቴ ተጣራ።

«ቲቸር! መብራት ሄዶ መጣ፤ ማሽኑ ጠፍቶ ተነሣ። ገጹ ተመልሶ ሳጥን ሆኗል። ልተወው?»

ዳኛቸው እጅጌውን እየሰበሰበ ተመለሰ። «ተወው የሚል ማነው? ፎንቱን ጫን!»