የተውሶ እግር

«ያንን ወንበር ዞር አድርጉት፤ ስትመጣ እንዳያደናቅፋት» አለች እናትየው።

ወደ ክፍሉ የሚመጣ ማንም አልነበረም። እናትየው ግን ከግንባሯ እስከ አፍንጫዋ የሚሸፍን ጥቁር መነጽር አድርጋ የሞተች ልጇን እያየች ነበር። አክስትየዋ ተነስታ ወንበሩን ዞር አደረገችው። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ጎረቤቶች የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ተያዩ።

መነጽሩን ያመጣው የሟች የሥራ ባልደረባ ነው። ሟች በምትሠራበት የምርምር ተቋም ውስጥ ጥናቷ ሰው መሥራት ነበር፤ በኮምፒውተር የሚሠራ፣ መነጽሩን ላደረገ ሁሉ አጠገቡ መጥቶ የቆመ የሚመስል ሰው። ድንገት ታማ ከመሞቷ በፊት የሠራችው የመጨረሻ ሰው ራሷን ነበር። ባልደረባዋ እናቲቱ አይታው ብትጽናና ብሎ ይዞት መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ግራ ቀኙን አላየም።

«አረማመዷን ባያችሁልኝ» አለች እናትየው። «እግሯ ባይጎዳ ኖሮ እኮ እንዲህ ነበር የምትሄደው። እንዲህ ቀና ብላ። ማን እንዲህ ይሄዳል?»

ታላቋ ልጅ የሻይ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። እንዲህ የምትሄደው እሷ ነበረች። የምስሉ ፊት የእህቷ ነው፣ ሳቁም የእህቷ ነው፤ እግሩ ግን የራሷ የታላቋ ነው።

ሴቶቹ በሹክሹክታ ሟችን ማወደስ ያዙ። አንዷ ብልህነቷን አነሳች፣ ሌላዋ አንደበቷን። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ የሷ እህት እንኳን አንገት፣ እግርም ወጣላት። ታላቋ ይህን በሆዷ አለችና በራሷ ደነገጠች። እህቷ አፈር ከገባች ገና ሳምንት አልሞላትም፤ እሷ ቆማ የምትቀናው ግን በሬሳ ነው።

ቅናቱ የዛሬ አይደለም። ታናሿ በሕፃንነቷ ታማ ግራ እግሯ ሰልሎ ከቀረ ወዲህ በዚያ ቤት ስሟ «ብርቄ» ሆነ። ታላቋን የሚጠራት «አንቺ» የሚለው ቃል ነበር። አንቺ፣ ሱቅ ሂጂ። አንቺ፣ መድኃኒቱን ሮጠሽ አምጪ። እግር ያላት ልጅ ትላካለች፣ እግር የሌላት ትታቀፋለች። እንዲህ ስትላክ አድጋ ነርስ ሆነች፤ ዛሬም ቀኑን ሙሉ በሆስፒታል ኮሪደር ስትመላለስ የምትውል ሰው ናት። እናቷ አንድ ቀን እንኳ ደከመሽ ወይ ብላት አታውቅም። የጤነኛ ልጅ ዕዳው ይህ ነው።

ትሪውን አስቀምጣ ባልደረባውን በዓይኗ ጠቀሰችውና ወደ ጓዳ ወሰደችው።

«ለምን አልነገርካትም?»

«ምኑን?»

«እግሩ የማን እንደሆነ ነዋ።»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። እናቲቱ እንዲያ ይላሉ ብሎ እንዳልጠበቀ፣ ካሉም በኋላ አፉ እንደተያዘ ነገራት። ከዚያ ቀና ብሎ «አንቺ ካልሽ አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ» አላት።

«ንገራት» አለችው።

እሱ ልቡን እስኪያደፋፍር እዚያው ቆመ። እሷም ቆመች፤ ሳትወድ ያ ቀን ትዝ አላት።

እህቷ «አካሄድሽን አውሺኝ» ብላ ነበር ወደ ቤተ ሙከራው የወሰደቻት። ከሰውነቷ ላይ የሚጣበቅ ጥቁር ልብስ አልብሳ በየመገጣጠሚያዋ ላይ የሚያብረቀርቁ ትናንሽ ኳሶች ለጠፈችባት። ዙሪያውን ካሜራ በተሰቀለበት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ከወዲህ ወዲያ አመላለሰቻት። ኮምፒውተሩ ላይ የሚታዩት ነጥቦች ብቻ ነበሩ፤ ሥጋ የላቸውም፣ ፊት የላቸውም። ያም ሆኖ የሚያውቃት ሁሉ እሷ ናት ብሎ ይምል ነበር።

«አቤት መሬቱን ስትንቂው» አለች ታናሿ።

«በሰው ወርቅ አይደምቁ ሲባል አልሰማሽም?» ብላ ታላቋ ቀለደችባት።

«ወርቅሽን ለራስሽ። እኔ የቀናሁት በእግርሽ ነው።» ታናሿ ይህን ስትል አልሳቀችም። «ልጅ ሆነን ስትላኪ በመስኮት እያየሁሽ አለቅስ ነበር። እማዬ ያመመኝ እየመሰላት አቅፋ ታባብለኛለች። ቅናት ነበር እኮ፣ እታለም። ሌላ ሕመም አልነበረኝም።»

ታላቋ ያን መስኮት ከመንገድ በኩል ነው የምታውቀው። ዕቃ ተሸክማ ስትመለስ ቀና ትላለች፤ እናቷ ብርቄን አቅፋ ትወዘውዛለች። የቤቱ በር ላይ ስትደርስ እሷም ሁልጊዜ በእህቷ ትቀና ነበር። ያን ዕለት ይህን ልትነግራት አፏ ላይ ደረሰ፤ ሌላ ጊዜ ብላ ዋጠችው። አሁን ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር የለም።

«ነይ እንጂ፣ ምን ያቆምሻል?»

የእናትየው ድምፅ ነው። ሁለቱም ወደ ሳሎን ተመለሱ። ምስሉ ሁለት እርምጃ ሲቀረው እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነውና ቆሟል። እናትየው ተቀምጣ እጆቿን ዘርግታለች። እጆቿ አየሩን ይዘው ይዘው ባዶ ይመለሳሉ። አክስትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ ባልደረባው።

ታላቋ ራሷን ነቅንቃ አስቆመችው። ከዚያ በዚያው በራሷ አረማመድ፣ ቀና ብላ፣ ወንበሩ በተነሳበት በኩል አልፋ በእናቷ ክንዶች መካከል ገባች።

እናትየው ክው አለች። ወዲያው ግን የታላቋን ወገብ ጭምቅ አድርጋ ይዛ ፊቷን ሆዷ ላይ ቀበረች፤ የመነጽሩ ጠርዝ ወጋት። «መጣሽልኝ፣ ብርቄ» አለች። ታላቋ እቅፉ ለማን እንደተዘረጋ ታውቃለች። እያወቀችም ሞቃት፤ እየሞቃትም አንገበገባት።

የእናትየው እጅ ቀስ እያለ ወደ ልጇ ግራ ጉልበት ወረደ። በመነጽሩ ውስጥ ያማረ አካሄድ ብታይም እጇ የሚፈልገውን ያውቃል፤ የፈለገው ያንን የሰለለ እግር ነው። ያገኘው ግን ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጠንካራ እግር ነበር። እጁ ጉልበቱ ላይ ቀጥ አለ።

ታላቋ ክብደቷን ወደ ቀኝ አዘነበለች። ግራ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ እህቷ ትቆም እንደነበረው ዘንበል ብላ ቆመች፤ የእናቷም እጅ ያንን ጉልበት ይዳስስ ጀመር።