ድምፄ ዛፉ ላይ ነው

"ይቁሙ፣ ይቁሙ ኖይ ዱሎ! አሁንም ዘገዩብኝ" አለች ክሪሳንታ፣ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ።

ሽማግሌው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ግድግዳው በአሮጌ ፍራሽ በተለበጠው ጠባብ ክፍል ውስጥ ላባቸው እስከ ክርናቸው ወርዷል። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ለጠጅ የሚሆን ፈሳሽ ከኮኮናት ዛፍ ጫፍ የሚቀዱ ሰው ናቸው፤ ጠዋትና ማታ ሃያ ሦስት ዛፍ ይወጣሉ። ነገ በደብሩ በዓል የዘፈን ውድድር ላይ ሊዘፍኑ ተመዝግበዋል። ዘፈኑ ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ በየትኛውም የካራኦኬ ማሽን ውስጥ የለም።

"ኢንዳይ፣ ልጄ፣ ይሄ ድምፅ የእኔ አይደለም" አሉ። "ድምፄ ያለው ዛፉ ላይ ነው።"

"እስቲ አውርደው ያምጡልኛ!" ብላ ሳቀች።

በኪቦርዱ ለካቻቸው፤ እስከዚህ ይወጣሉ፣ እስከዚህ ይወርዳሉ ብላ ጻፈች። በሯ ላይ የተሰቀለው ሸራ "የድምፅዎን ከፍታ በአምስት ደቂቃ ለክተን አጃቢ ሙዚቃ በልክዎ እንሠራለን" ይላል፤ አምስቱ ደቂቃ አልፎ ነበር።

ሸራው ከተሰቀለ ሁለት ሳምንቱ ነው። ክሪሳንታ ሃያ ዓመት በሠርግ ባንድ ውስጥ ተጫውታ፣ ባንዱ ሲበተን የእናቷን የስፌት መኪና ሸጣ ማይክሮፎንና ኮምፒውተር ገዛች። ኖይ ዱሎ የመጀመሪያ ደንበኛዋ ናቸው። ነገ ከተማው ሁሉ በተሰበሰበበት አጃቢዋ ካዋረዳቸው ሁለተኛ ደንበኛ አይኖርም።

ይህን የሚጠብቅ ሰው አልጠፋም። ሽማግሌው እንደወጡ፣ ሳንቲም ሲጎርሱ ዘፈን የሚያጅቡ ማሽኖች የሚያከራየው የአክስቷ ልጅ ራሚል በመስኮቱ አንገቱን አስገባ።

"ማናንግ ክሪስ፣ እህቴ፣ ለአንድ ዛፍ ላይ ለሚወጣ ሽማግሌ ሦስት ቀን ሙሉ? እኔ ጋ አራት ሺህ ዘፈን አለ። አንዱን መርጠው ቢጮሁ ምን ይጎድልባቸዋል?"

"የአባታቸው ዘፈን።"

"ማንም የማያውቀው ዘፈን ደግሞ ዘፈን ነው?"

"አንተ የማታውቀው ሁሉ ከሌለማ ዓለም ባዶዋን ናት በለኝ! ዞር በል፣ ነፋሱን ከለከልከኝ።"

በተቀዳ ሙዚቃ መዝፈን ማጭበርበር ነው የሚሉም አሉ። ይህን የሚሉት ባንድ መቅጠር የማይቸግራቸው ሰዎች ናቸው። የድሃ ጉሮሮ አጃቢ አይገባውም ብሎ የደነገገው ማን ነው? የራሚል ማሽን ደግሞ የባሰ ነው፤ ለሰው ሁሉ በአንድ ልክ የተሰፋ ሱሪ ያድላል። ክሪሳንታ የተነሣችው ይህን ልታፈርስ ነበር። ያን ቀን ግን እሷም ያንኑ ሱሪ እየሰፋች መሆኗን አላወቀችም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ያለቀውን ሥራ ልታሰማቸው ወደ ኮኮናቱ ደን ሄደች። ገና ከወንዙ ማዶ ሳለች ድምፅ ሰማች።

መጀመሪያ የሰው አልመሰላትም። ከቅጠሉ በላይ፣ ጭጋጉ ከሚያልቅበት ቦታ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ ኮረብታው ላይ አርፎ ይመለሳል። ዘፈኑ ትናንት የሰማችው ነው። ግን "ከዚህ በላይ አይወጡም" ብላ የጻፈችበት ቦታ ላይ ገና መጀመራቸው ነበር። ዜማው መሐል ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀጥ አለ፤ የማጭድ ስለት ፈሳሹ የሚንጠባጠብበትን የአበባ አገዳ ሲቆርጥ ተሰማ፤ ከዚያ ዜማው ካቆመበት ቀጠለ። ትናንት "ዘገዩብኝ" እያለች የነዘነዘቻቸው እዚያ ላይ ነው። ወንዙን ልትሻገር ገብታ እግሯ ውኃ ውስጥ መሆኑን የረሳችው ክሪሳንታ እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም። ሃያ ዓመት ዘፋኝ ስታጅብ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም።

ሽማግሌው የቀርከሃ መቅጃቸውን አንግተው ሲወርዱ ከዛፉ ሥር ጠበቀቻቸው።

"ኖይ፣ ለምንድነው ታች እንዲህ የማይዘፍኑት?"

"ታችማ ለማን ልጩህ? ላይ ስሆን ሚስቴ ወድቄ አለመሞቴን የምታውቀው በድምፄ ነው። ዝም ካልኩ ድስቷን ጥላ ትሮጣለች። አንዴ ሳል ይዞኝ ዝም ብል ግማሽ መንደር አስከትላ መጣች!"

"የሠራሁት ሁሉ ስህተት ነው" አለች ክሪሳንታ። ውድድሩ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ኮምፒውተሩ የተቀዳውን አጃቢ በአንዴ ወደ እሳቸው ከፍታ ሊያወጣው ይችላል፤ ያኔ ግን አጃቢው ውስጥ ያለው ጊታር እንደ ትንኝ ይጮኻል። ስልኳን አውጥታ የድምፅ መቅጃውን ከፈተችና በሸሚዛቸው ኪስ ከተተችው። "ሌላ ዛፍ ይውጡልኝ። ማጭዱንም እንዳይተዉ።"

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከክፍሏ አልወጣችም። ድምፃቸውን በጆሮዋ ሰክታ፣ እሳቸው ሲሄዱ እየሄደች፣ ማጭዱ ሲቆርጥ እጇን እያነሣች ተጫወተች። የሙዚቃውን ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ አጠፋችው።

አደባባዩ ጢም ብሏል። የኖይ ዱሎ ሚስት ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ክሪሳንታ እጇን ይዛ አስነሣቻት።

"ወዴት ነው የምትወስጂኝ? ባሌን ልይበት እንጂ!"

"ከሩቅ ይዩአቸው፤ ለእኔ ሲሉ" ብላ ከደብሩ የደወል ማማ ሥር፣ ከሕዝቡ ሁሉ ኋላ አቆመቻት። ከዚያ ወደ መድረኩ ተመልሳ ሚስታቸው የቆመችበትን ለኖይ ዱሎ በጣቷ አሳየቻቸው።

አጃቢው ጀመረ። ሽማግሌው ማማውን አዩ፤ ደረታቸው ተነፋ። ድምፁ በሰው ሁሉ ራስ ላይ አለፈ። መሐል ላይ ሲቆሙ ሙዚቃውም አብሯቸው ቆመ፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። ሲቀጥሉ አብሯቸው ተነሣ። ራሚል ሲልሰው የነበረው ጣፋጭ በረዶ በክንዱ ላይ ቀልጦ ይንጠባጠባል፤ አላወቀም።

ሦስተኛ ወጡ። ሽልማቱ አንድ ከረጢት ሩዝ ነበር። ዳኞቹ መደንቆራቸውን ክሪሳንታ ለሰማ ሁሉ ከመናገር አልተመለሰችም።

የማይክሮፎኗን ገመድ ስትጠቀልል ዓሣ ሻጯ ናንግ ፔላ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

"ክሪስ፣ እኔም አንድ የእናቴ ዘፈን አለኝ። መቼ ብመጣ ትለኪኛለሽ? አምስት ደቂቃ ነው አይደል የሚፈጀው?"

ክሪሳንታ የጠቀለለችውን ገመድ ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

"አይ፣ እርስዎ አይምጡ፤ እኔ እመጣለሁ" አለች። "ገበያ ላይ 'ዓሣ! ዓሣ!' እያሉ የሚጣሩት ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?"