ጤፍ ወይስ አሸዋ

«ዱቄት አገኘህ አይደል? ምን ቀረብህ?» አሉ መሪጌታ ዓባይነህ፣ የቀለም ብልቃጣቸውን ወደ ልደታ ማርያም አጥር እያስጠጉ።

«ዱቄት መቼ ጠየቅሁ!» ሸዋንግዛው ከረጢቱን እግራቸው ሥር ዘጭ አደረገው። «የጠየቅሁት ጠርሙስና የሚቆለፍ ክፍል ነው። እርስዎ ግን ‹አባት እናት የሌለኝ፣ ጉልበቴ በረሃብ የዛለ› ብለው ጻፉ። ጣሊያኑም አዘነልኝ!»

«ማመልከቻ እንዲህ ነው የሚጻፈው። በጃንሆይም ጊዜ እንዲሁ ነበር።»

«እናቴ እኮ ትናንት እዚሁ ሰላም ብላዎት ነው ያለፈችው!»

ከጎን እህል የምትሸጠው፣ ታየች የምትባለው ሴት ሳቀች። «እኔንም ሰላም ብላኛለች። ነፍስ ይማር።»

ሸዋንግዛው ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን እስኪዘጋው ድረስ እርሻ ተምሯል። ሽምብራ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ከተቀመጠ ነቀዝ እንደማይደፍረው ባላገር ሁሉ ያውቃል፤ ለምን እንደሆነ ግን የነገረው ሰው አልነበረም። የጣሊያኖቹ የእርሻ ቢሮ ለምርምር ዕቃ ያውሳል ሲባል ሰምቶ ነው ያመለከተው። አሁንም ካልገባቸው ሌላ የሚጠይቀው ቦታ የለውም።

መሪጌታ አዲስ ወረቀት ዘረጉ። «እሺ፣ ‹ጤፍ የነቀዝ መድኃኒት መሆኑን አረጋግጣለሁ› ልበል?»

«መድኃኒት ይሁን አይሁን አላውቅም። ምናልባት ክፍተቱን ስለሚሞላው ነቀዙ መንቀሳቀሻ አጥቶ ይሆናል። ስለዚህ ሽምብራውን በአንዱ ጠርሙስ ከጤፍ ጋር፣ በሌላው ጤፍ ከሚያህል አሸዋ ጋር አደርገዋለሁ። አሸዋውም ከጠበቀው፣ ነገሩ ከጤፉ አይደለም ማለት ነው።»

«አላውቅም ብሎ ለሹም የሚያመለክት ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።»

«እንደዚያው ይጻፉት። መጀመሪያ የማላውቀውን፣ ቀጥሎ እንዴት እንደምደርስበት፣ ከዚያ የሚያስፈልገኝን ዕቃ።»

ጻፉ። ውዳሴው ሁሉ ቀርቶ ወረቀቱ ራቁቱን የቀረ መሰላቸው። መሐል ላይ ብዕራቸውን አነሡ።

«ሁለቱም ባይጠብቁትስ?»

«ያን ጊዜ ሌላ ምክንያት እፈልጋለሁ።»

«ይህም ይጻፍ?»

«ይጻፍ።»

መሪጌታ ጨርሰው ወረቀቱን ሰጡት፤ ዓይናቸው ግን በታየች ቁና ውስጥ ባለው ጤፍ ላይ ነበር። «እኔ አሸዋውም ይጠብቀዋል ባይ ነኝ።»

«ኧረ ከጤፉ ነው!» አለች ታየች። «ሽታውን አይወደውም።»

«ጤፍ ደግሞ ምን ሽታ አለው?»

«ያሽትቱት እንጂ!»

መሪጌታ ጥምጥማቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው ቁናው ላይ አጎነበሱ። ታየችም ከወዲያ በኩል አጎነበሰች። ሸዋንግዛው ፈረመ፤ ቀለሙን እፍ ብሎ አደረቀ። ከማመልከቻው ጋር የሚመልሰውን የዱቄት ከረጢት ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቢሮው የሚወስደውን መንገድ ያዘ።