ከግመሎቹ ፊት

ሦስት ቀን ብቻ የኖረ ሰው ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ውስጥ አንድ ፎቅ ሙሉ ጎረቤት ጸጥ አሰኘ። ደረጃው ላይ ጫማ ተደርድሯል፣ ሳሎኑን ሴቶች ሞልተውታል። ኩለሱም መኝታ ቤት ውስጥ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ በነጭ ከፈን የተጠቀለለ ልጇን ታቅፋለች። ከጠዋት ጀምሮ አልሰጥም እንዳለች ነው።

ስም እንኳ ገና አልወጣለትም። በሰባተኛው ቀን ስም ሊወጣለት በግ ታይቶ ነበር፤ እሱ ሰባተኛውን ቀን አልጠበቀም።

ባሏ ኸባብ በሩ ላይ ቆሟል። ኢስሊ ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰውዬ ዛሬ ቃል ይመርጣል።

«ኩሉ፣ የመቅበሪያው ፐርሚት ወጥቷል። ፕሮቦክስ መኪናውም ታች እየጠበቀ ነው» አላት ለስለስ ብሎ። «ለዙሁር ሶላት መስጊድ መድረስ አለብን።»

«ሞያሌ ውሰዱት።»

«ሩቅ ነው እኮ። ሬሳ አይንገላታም።»

«እዚህ ማን አለው? እናቴ ሞያሌ፣ አባቴ ሞያሌ፣ አያቶቼ ሞያሌ። ናይሮቢ አፈር ውስጥ አንድም የኛ ሰው የለም። የሦስት ቀን ልጅ በማያውቃቸው ሰዎች መሀል ብቻውን ይደር?»

እውነቷን ነው። እሷ ባደገችበት አገር ሰው የሚቀበረው ከቀደሙት እግር ሥር ነው፤ ልጅ ከአባቱ፣ አባት ከአያቱ፣ አያት ከምንዥላቱ። ወደ ታች የሚወርድ ሰው ከታች የሚቀበለው ዘመድ አያጣም። ስደት ብዙ ነገር ያስለምዳል፤ የበቆሎ ገንፎውን ኡጋሊ መብላትም፣ ማታቱ ታክሲ ውስጥ መጋፋትም ይለመዳል። ይሄ ግን ምኑ ይለመዳል!

ኸባብ ጨንቆት ወደ ሐጅያ ሩመይሳ ዞረ። ልጁን ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ኢስሊ ውስጥ ሴት ወይም ሕፃን የሞተበት ሐበሻ ሙስሊም ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሳቸው ነው። ምላሳቸው ስለት ነው፣ ለቅሶ ቤትም አያጥፉትም። አሁን ግን ከኩለሱም አጠገብ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«አብሽሪ ልጄ። እስቲ ንገሪኝ፣ አባትሽ ኑሬ ሥራቸው ምን ነበር?»

ኩለሱም ግራ ገባት። «ግመል ነጂ።»

«መንዳት ብቻ?»

«ጉድጓዱ ሲቃረብ ከሁሉ ቀድመው ይሄዳሉ። ገመዱንና የቆዳ መቅጃውን ይዘው። ገንዳውን ጠርገው ውሃ ይሞሉታል። ግመሎቹ ሲደርሱ ሁሉ ተሰናድቶ ያገኙታል።»

«እንዲህ ያለውን ሰው ዐረብ ፈረጥ ይለዋል» አሉ ሐጅያ። «ዛሬ በዚህ ልጅ ላይ ሲሰገድ ምን ተብሎ ዱዓ የሚደረግ ይመስልሻል? ማረው አይባልም፤ ምን አጥፍቶ! ‹ያ ረቢ፣ ለእናት ለአባቱ ፈረጥ አድርገው› ነው የሚባለው። ነቢያችንም፣ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም፣ የቂያማ ለታ ሐውዱ ዘንድ፣ የውሃ ገንዳቸው ዳር፣ ቀድመውን እንደሚጠብቁን ሲነግሩን ራሳቸውን የጠሩት በዚሁ ቃል ነው።»

«በዚሁ ቃል?»

«በዚሁ። ቀድሞ የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው! እኔ አሮጊቷ እዚህ እንፏቀቃለሁ፣ እሱ መንገዱን ጨርሶታል።»

ኩለሱም ከፈኑን ገለጥ አድርጋ የልጁን ፊት አየች። ትናንት ጡት መያዝ ያቃተው፣ ጭንቅላቱን እንኳ ማቅናት የማይችለው ይሄ ልጅ፣ እሷ አንድ እርምጃ ያልረገጠችውን አገር አሁን ያውቀዋል። እሷን፣ ኸባብን፣ ሐጅያን፣ ሳሎን የተቀመጡትን ሴቶች ሁሉ አልፏቸዋል። ያረቢ፣ ይሄን የሚያህል ነገር በሁለት ክንዴ ይዤ ነው ወይ የተቀመጥኩት አለች በሆዷ፤ እንባዋም ያኔ ገና መጣ።

አባቷ ትዝ አሏት። ልጅ ሆና ከጉዞው ፊት ሲሄዱ እያየች፣ «አባቴ፣ በዚያ በረሃ ብቻዎን ሲቀድሙ አይፈሩም?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

«ምን ያስፈራኛል?» ብለው ሳቁባት። «እናንተ ከኋላዬ እየመጣችሁ አይደል? ከኋላው የሚመጣ ሰው ያለው ብቻውን አይደለም።»

ኩለሱም ጎንበስ ብላ ግንባሩን ሳመችው። ከዚያም አፏን ከጆሮው አስጠግታ፣ ለአባቷ በምትናገርበት አንቱታ፣ «ይቅደሙ፣ አባቴ» አለችው። «አይፍሩ። እየመጣን ነው።»

ኸባብም ሰማ። ጉልበቱን አጥፎ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው፣ ልጁን በሁለት እጁ ተቀበላት።

እሷ ወደ መስኮቱ ሄደች። ታች፣ ፕሮቦክሱ አጠገብ፣ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌዎች የግንቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ኸባብ ልጁን ታቅፎ ከፎቁ በር ብቅ ሲል ሁሉም፣ ምርኩዝ የያዙትም ሳይቀሩ፣ ለልጇ ብድግ አሉ።